ፖርትፎሊዮን መገንባትና መመርመር፦ ከአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ጀምሮ

"ይሄ አክሲዮን ያዋጣል?" ብዙ ሰው ስለ ኢንቨስትመንት ማውራት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ "ካለኝ ጋር ሲቀላቀል ምን ይፈጥራል?" የሚለው ነው። ፖርትፎሊዮ ማለት የያዛችሁት አክሲዮን፣ ቦንድ (ለመንግሥት ወይም ለኩባንያ በወለድ ያበደራችሁበት ሰነድ)፣ ፈንድ (የብዙ ሰው ገንዘብ ተሰብስቦ በጋራ የሚተዳደርበት)፣ የባንክ ተቀማጭ፣ የሚከራይ ቤት ሁሉ ተደምሮ እንደ አንድ ነገር ሲታይ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ጥሩ ሆኖ ድምሩ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ለብቻው ሲታይ የሚያስፈራ ነገር ደግሞ ድምሩን ሊያረጋጋ ይችላል። እዚህ ያለው የሥራ ቅደም ተከተል ይህን ሁለተኛ ጥያቄ ለመመለስ ነው። ወረቀትና ካልኩሌተር ይበቃል። ኤክሴል ካላችሁ ይቀላል።

1. ያላችሁን ሁሉ በአንድ ገጽ አስፍሩ

ስድስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ሥሩ። መጀመሪያ የንብረቱ ስም። ቀጥሎ ዛሬ ቢሸጥ የሚያወጣው ዋጋ። ከዚያ ከጠቅላላው ያለው ድርሻ በመቶኛ። አራተኛው ገቢው ከምን እንደሚመጣ ነው፦ ከወለድ፣ ከትርፍ ድርሻ፣ ከኪራይ ወይስ ከዋጋ ጭማሪ ብቻ። አምስተኛው ወደ ጥሬ ገንዘብ ለመቀየር ስንት ቀን እንደሚፈጅ። ስድስተኛውን "ምን ቢመጣ ይጎዳል?" በሉት።

የተገዛበት ዋጋ ሠንጠረዡ ውስጥ የለም። ሆን ብዬ ነው። በ100 የተገዛ ነገር 60 ሲገባ ሰው "እስኪመለስ ልጠብቅ" ይላል። ገበያው ግን እናንተ በስንት እንደገዛችሁ አያውቅም። ለግብር የሚያስፈልገውን መዝገብ ሌላ ቦታ ያዙ። ለውሳኔ የሚረዳው ጥያቄ "ይህ 60 አሁን በእጄ ጥሬ ገንዘብ ቢሆን፣ መልሼ ይህንኑ እገዛበት ነበር?" የሚለው ነው።

ስድስተኛውን ዓምድ በችኮላ አትለፉት። ይህን ሠንጠረዥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሠራ ስምንት ስሞች ነበሩኝ። ስምንት ቦታ ስለተበተነ ገንዘቤን በደንብ ያሰባጠርኩ መስሎኝ ነበር። ሦስቱ ባንኮች ናቸው። ሁለቱ ቤት ገንቢዎች። አንዱ ሲሚንቶ፣ አንዱ የባንክ ቦንድ፣ አንዱ መድኃኒት አምራች። "ምን ቢመጣ ይጎዳል?" የሚለውን አንድ በአንድ ስሞላ "ብድር ሲጠፋ" ብዬ ሰባት ጊዜ ጻፍኩ። ቤት ገዢ ብድር ካላገኘ ገንቢው ይቆማል። ገንቢው ሲቆም ሲሚንቶው አይሸጥም። ገንቢው ዕዳውን ሲያቅተው ባንኩ ይታመማል። ስምንት ስም የመሰለኝ ነገር ሁለት ውርርድ ነበር።

ደመወዛችሁንም እዚህ አስቡት። የአሜሪካው የኢነርጂ ኩባንያ ኤንሮን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2001 ከመክሰሩ በፊት፣ ከሠራተኞቹ የጡረታ ቁጠባ ከግማሽ በላዩ በራሱ በኩባንያው አክሲዮን ተይዞ ነበር። ሰዎቹ ሥራቸውንም ጥሪታቸውንም አንድ ላይ አጡ። የምትሠሩበትን ዘርፍ አክሲዮን ከያዛችሁ፣ ሠንጠረዡ ከሚያሳየው በላይ በዚያ ዘርፍ ላይ ተደግፋችኋል።

2. ለእያንዳንዱ ገንዘብ ቀን ስጡት

ገንዘቡ መቼ ይፈለጋል? ይህ ካልተመለሰ የቀረው ሂሳብ ሁሉ ከንቱ ነው። ለድንገተኛ ችግር የሚሆን የጥቂት ወራት ወጪ ከፖርትፎሊዮው ውጭ ይቀመጥ። ተቀማጭ ሂሳብ ውስጥ ይሁን፤ ትርፍ ካላመጣ አያስጨንቃችሁ። ሥራው በመጥፎ ቀን አክሲዮን እንዳትሸጡ ማድረግ ነው። በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ የሚፈለግ ገንዘብም አክሲዮን ውስጥ ቦታ የለውም። ለአሥርና ለሃያ ዓመት የሚቆየው ነው መዋዠቅን ሊችል የሚችለው።

3. ምን ያህል ኪሳራ እንደምትችሉ በቁጥር ጻፉ

"ሪስክ እችላለሁ" ማለት ምንም አይነግርም። መጠን ያስፈልጋል። የኪሳራ ሂሳብ ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች እኩል አይደለም። 20 በመቶ የወደቀ ነገር ወደ ነበረበት ለመመለስ 25 በመቶ መውጣት አለበት። 50 በመቶ ከወደቀ መቶ በመቶ መውጣት ይኖርበታል። 80 በመቶ ከሆነ ደግሞ አምስት እጥፍ ማደግ አለበት።

ይህ ከወረቀት ያለፈ ነው። የአሜሪካው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ኢንዴክስ (የ500 ያህል ትልልቅ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ በአንድ ቁጥር የሚያሳይ መለኪያ) ከጥቅምት 2007 እስከ መጋቢት 2009 (እ.ኤ.አ.) 57 በመቶ ያህል ወርዷል። የጃፓኑ የአክሲዮን ኢንዴክስ ኒኬይ በ1989 መጨረሻ የደረሰበትን ከፍታ መልሶ ያለፈው በየካቲት 2024 ነው። 34 ዓመት! በአንድ አገር ገበያ ላይ ብቻ መቀመጥ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

እንግዲህ ያላችሁን ጠቅላላ ገንዘብ ውሰዱ። በሠላሳ በመቶ ቀንሱት። የተገኘውን ቁጥር ጻፉና ለአንድ ሳምንት በየቀኑ እዩት። እንቅልፍ የሚነሳ ከሆነ የአክሲዮኑ ድርሻ ትልቅ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ለዩ፦ አቅምና ሆድ። ቋሚ ገቢ ያለው፣ ዕዳ የሌለበት፣ ገንዘቡን ለሃያ ዓመት የማይፈልግ ሰው አቅም አለው። ሆዱ ግን ላይችል ይችላል። ሁለቱ ሲጋጩ ዝቅተኛውን ያዙ።

4. ትርፍንና መዋዠቅን አስሉ

ከዋጋ ንረት እንጀምር። አንድ ንብረት በዓመት 12 በመቶ አተረፈ፣ የዋጋ ንረቱ ደግሞ 9 በመቶ ነበር እንበል። ብዙ ሰው 3 በመቶ አተረፍኩ ይላል። በትክክል ሲሠራ 1.12ን ለ1.09 ታካፍላላችሁ፤ 2.75 በመቶ ገደማ ነው የሚመጣው። የመግዛት አቅማችሁ ያደገው በዚህ ልክ ብቻ ነው።

ቀጥሎ አማካይ። አንድ ፈንድ በአምስት ዓመት ያስመዘገበው ይህ ነው እንበል፦ 10፣ ከዜሮ በታች 5፣ 20፣ 0፣ 15 በመቶ። ደምራችሁ ለአምስት ስታካፍሉ 8 በመቶ ይወጣል። ማስታወቂያ ላይ የምታዩት ይህን ነው። እናንተ ኪስ የገባው ግን ሌላ ነው። 1.10 በ0.95፣ በ1.20፣ በ1.00፣ በ1.15 አባዙት። 1.442 ይመጣል። ይህ በየዓመቱ እኩል 7.6 በመቶ ከማደግ ጋር አንድ ነው፤ 1.076 አምስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 1.442 ያህል ይሰጣልና። ልዩነቱን የበላው መዋዠቁ ነው። ነገሩ በጣም ጎልቶ እንዲታያችሁ፣ አንድ ዓመት 50 በመቶ ወጥቶ በቀጣዩ 50 በመቶ የወረደን ነገር አስቡ። አማካዩ ዜሮ ነው። የእናንተ 100 ግን 75 ሆኗል።

መዋዠቁን ለመለካት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚባለው አለ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራው ቀላል ነው። ያንኑ ፈንድ እንውሰድ። እያንዳንዱ ዓመት ከ8 ስንት ራቀ? 2፣ 13፣ 12፣ 8፣ 7። እያንዳንዱን በራሱ አባዙ፦ 4፣ 169፣ 144፣ 64፣ 49። ድምሩ 430። ለአራት አካፍሉ (ከዓመታቱ ቁጥር አንድ ቀንሰን ነው)፤ 107.5። ስኩዌር ሩቱ 10.4 ገደማ። ስለዚህ ይህ ፈንድ "8 በመቶ፣ ሲደመር ወይም ሲቀነስ አሥር ያህል" የሚሰጥ ነው። በአብዛኛው ዓመት በዚህ ወሰን ውስጥ ይገኛል። ከወሰኑ ውጭ የሚወጣበት ዓመት ግን ይመጣል፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ስለዚያ ዓመት ብዙ አይነግራችሁም። እኔ ለዚህ ነው ሁልጊዜ ከጎኑ ትልቁን ውድቀት፣ ማለትም ንብረቱ ከጫፍ እስከ ታች የወረደበትን ከፍተኛ መጠን የምጽፈው።

5. አብረው እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ እዩ

የጉዳዩ እምብርት እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ሃሪ ማርኮዊትዝ የሚባል የ24 ዓመት ተማሪ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተመ። ያለው ነገር ሲነገር ቀላል ነው፦ የፖርትፎሊዮ ስጋት የክፍሎቹ ስጋት አማካይ አይደለም፤ ክፍሎቹ እርስ በርስ ባላቸው ተዛምዶ ይወሰናል። በ1990 ከዊሊያም ሻርፕና ከመርተን ሚለር ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህ ነው።

ተዛምዶ ወይም ኮሪሌሽን ከ−1 እስከ +1 ይለካል። +1 ማለት ሁለቱ ሁሌም በአንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ ማለት ነው። ዜሮ ከሆነ አንዱ ስለሌላው ምንም አይነግርም። −1 ከሆነ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል።

አሁን በቁጥር እንየው። ሁለት ንብረቶች አሉ። ሁለቱም በዓመት 10 በመቶ ይጠበቅባቸዋል፤ ሁለቱም 20 በመቶ ይዋዥቃሉ። ገንዘባችሁን ግማሽ በግማሽ አደረጋችሁ። የምትጠብቁት ትርፍ አሁንም 10 ነው፤ አልቀነሰም። መዋዠቁስ? ተዛምዶው +1 ከሆነ 20 ሆኖ ይቀራል፤ ሁለት ስም ብትይዙም አልተሰባጠራችሁም። 0.5 ከሆነ ወደ 17.3 ይወርዳል። ዜሮ ከሆነ 14.1። ትርፉ ሳይነካ ስጋቱ 29 በመቶ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። ይህን ሂሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ ስሠራ ስህተት የሠራሁ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ደግሜዋለሁ።

በኤክሴል ኮሬል (CORREL) የሚባለው ፎርሙላ ይህን ያወጣል። የሁለቱን ንብረቶች ወርኃዊ የዋጋ ለውጥ በመቶኛ በሁለት ዓምድ አስገቡ። ቢያንስ የሦስት፣ ቢቻል የአምስት ዓመት ይሁን። ዋጋውን ራሱን አታስገቡ፤ ለውጡን ነው። ዋጋ ከዋጋ ጋር ሲነፃፀር ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ስለጨመሩ ብቻ የሚዛመዱ ይመስላሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልብ በሉ። ተዛምዶ አይጸናም። በደህና ቀን የማይተዋወቁ ገበያዎች በችግር ቀን አብረው ይወድቃሉ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጥሬ ገንዘብ ስለሚፈልግ። ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት የሚባለው ፈንድ ሁለት የኖቤል ተሸላሚዎች ይዞ በ1998 (እ.ኤ.አ.) የተንኮታኮተው በዚህ ምክንያት ነው። የተለያዩ ናቸው ብሎ በብድር ያከማቻቸው ውርርዶች ከሩሲያ የዕዳ ቀውስ በኋላ በአንድ አቅጣጫ ተጓዙ። ብድሩ ባይኖር ኖሮ ለመጠበቅ ጊዜ ያገኝ ነበር። ለዚህ ነው ለጀማሪ በብድር አክሲዮን መግዛትን "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" የምለው። በ2022 ደግሞ የአሜሪካ አክሲዮንና ቦንድ አብረው ወደቁ። አክሲዮኑ 18 በመቶ ያህል፣ ሰፊው የቦንድ ኢንዴክስ 13 በመቶ ያህል። ምክንያቱ የወለድ ተመን በፍጥነት መጨመሩ ነበር። ስድስተኛውን ዓምድ በጥንቃቄ የሞላ ሰው በሁለቱም ፊት ለፊት "ወለድ ሲጨምር" ብሎ ይጽፍ ነበር። ኮሪሌሽን ያለፈውን ይነግራችኋል፤ ምክንያቱን የምታገኙት በስድስተኛው ዓምድ ነው።

6. ድርሻ ደልድሉ

አክሲዮን ለዕድገት ነው። ቦንድ ለገቢና ለመረጋጋት ነው፤ የወለድ ተመን ሲጨምር ግን የነባሩ ቦንድ ዋጋ ይወርዳል። ዱሬሽን የሚባለውን ቁጥር ፈልጉ። 7 ከሆነ፣ ወለድ በአንድ መቶኛ ነጥብ ሲጨምር ዋጋው 7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ጥሬ ገንዘብ ለዝግጁነት ነው፤ በረጅም ጊዜ የዋጋ ንረት ይበላዋል። ቤትና መሬት ከዋጋ ንረት ጋር የመራመድ ዕድል አላቸው፤ ግን በአንድ ቀን አይሸጡም፣ ግማሻቸውን ቆርጦ መሸጥም ቀላል አይደለም።

ስንት በስንት? ማርኮዊትዝ ራሱ የጡረታ ገንዘቡን ግማሹን አክሲዮን፣ ግማሹን ቦንድ ማድረጉን ተናግሯል። ምክንያቱ ጸጸትን መቀነስ ነበር። አክሲዮን ወጥቶ እሱ ባይኖርበት ይጸጸታል፤ ወርዶ ሙሉ በሙሉ ቢኖርበትም ይጸጸታል። ቀመሩን የፈጠረው ሰው እንዲህ ካደረገ፣ እናንተ በነጥብ የተለካ ድርሻ ፍለጋ ወራት አትፍጁ። ከደረጃ ሦስት ተነሱ። መቻል የምትችሉት ውድቀት 30 በመቶ ከሆነና አክሲዮን በክፉ ቀን በግማሽ ሊወርድ እንደሚችል ከተቀበላችሁ፣ የአክሲዮኑ ድርሻ ከ60 በመቶ አይበልጥ። 0.60 በ0.50 ሲባዛ 0.30 ነው። ሻካራ ሂሳብ ነው፤ ይሠራል።

7. ድልድሉን በንብረት ሙሉት፣ ክፍያውንም ቁጠሩ

የአንድ ኩባንያን ልዩ ስጋት፣ ለምሳሌ ሥራ አስኪያጁ ማጭበርበሩን ወይም ፋብሪካው መቃጠሉን፣ ብዙ ኩባንያ በመያዝ ማቅለል ይቻላል። ገበያው በሙሉ ሲወድቅ ግን የኩባንያ ብዛት አያድንም። ብዙ ኩባንያ በአንድ ግዢ ለመያዝ የሚቀለው ኢንዴክስ ፈንድ፣ ማለትም በአንድ ኢንዴክስ ውስጥ ያሉትን ኩባንያዎች የሚይዝ ፈንድ ነው። የአሜሪካው የቫንጋርድ ኩባንያ መሥራች ጆን ቦግል በ1976 (እ.ኤ.አ.) ለተራው ቆጣቢ ሲያቀርበው ብዙ ሰው አልተቀበለውም ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ ትልልቆቹ ፈንዶች የዚህ ዓይነት ናቸው።

ክፍያን በተመለከተ አንድ ሂሳብ ብቻ። 100 ሺህ በ7 በመቶ ለ30 ዓመት ሲቀመጥ ወደ 761 ሺህ ይደርሳል። በየዓመቱ 1 በመቶ ለአስተዳዳሪው ከሄደና 6 በመቶ ከቀረላችሁ 574 ሺህ ገደማ ነው። "አንድ በመቶ ምን አላት?" የተባለችው ከመጨረሻው ገንዘብ ሩቡን ወሰደች።

8. ደንቡን በሰላሙ ቀን ጻፉ

አንድ ገጽ ትበቃለች። ዓላማው፣ ቀኑ፣ የድርሻ ድልድሉ፣ ምን ሲሆን ትሸጣላችሁ፣ ምን ቢሆንም አትሸጡም። ፈርሙበት። የትዳር ጓደኛ ካለ ይፈርም። "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" የሚባለው ለዚህ ነው። ገበያው በወረደበት ሳምንት የሚጻፍ ደንብ ፍርሃት የጻፈው ነው።

9. ሚዛኑን መልሱ

60 አክሲዮን፣ 40 ቦንድ ብላችሁ ጀመራችሁ። በዓመቱ አክሲዮኑ 30 በመቶ፣ ቦንዱ 2 በመቶ አደገ። አሁን 78 እና 40.8 አላችሁ፤ ድምር 118.8። የአክሲዮኑ ድርሻ 65.7 በመቶ ሆኗል። ሳታስቡት ከወሰናችሁት በላይ ስጋት ተሸክማችኋል። ከ118.8 ላይ 60 በመቶው 71.28 ነው። ስለዚህ 6.72 አክሲዮን ሸጣችሁ ቦንድ ትገዛላችሁ። አዲስ የምታስገቡት ገንዘብ ካለ ደግሞ መሸጥ ሳያስፈልግ ሁሉን ወደ ቦንዱ ማስገባት ይቻላል። ግብርና የደላላ ክፍያ ስለሚቀንስ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

በየሳምንቱ አታድርጉት። በዓመት አንዴ እዩ፤ ድርሻው ከዕቅዱ በአምስት ነጥብ ከራቀ ብቻ ንኩት። ከባዱ ነገር ሂሳቡ አይደለም። ሁሉም የሚያሞግሰውን ሸጦ ሁሉም የሸሸውን መግዛት ነው።

10. ውጤቱን በትክክል ለኩ

በ100 ጀመራችሁ። የመጀመሪያው ዓመት 20 በመቶ አተረፈ፤ 120 ሆነ። ደስ ብሏችሁ 200 ጨመራችሁ፤ 320። ሁለተኛው ዓመት 10 በመቶ ከሰረ፤ 288። ፈንዱ "በሁለት ዓመት 8 በመቶ አተረፍኩ" ይላል፤ 1.20 በ0.90 ሲባዛ 1.08 ነውና አልዋሸም። እናንተ ግን 300 አስገብታችሁ 288 ነው ያላችሁ። የመጀመሪያው ልኬት የፈንዱን ችሎታ ያሳያል። ሁለተኛው የእናንተን የመግቢያ ጊዜ። ሁለቱንም ጻፉ። በመካከላቸው ሰፊ ልዩነት በየዓመቱ ከታየ፣ ችግሩ ያለው ፈንዱ ጋ ሳይሆን ገንዘብ የምታስገቡበትና የምታወጡበት ጊዜ ላይ ነው።

ማነፃፀሪያውም ተገቢ ይሁን። 60/40 የያዘ ሰው ራሱን ከንጹሕ የአክሲዮን ኢንዴክስ ጋር ማወዳደር የለበትም፤ 60 በመቶ ከአክሲዮን ኢንዴክስ፣ 40 በመቶ ከቦንድ ኢንዴክስ የተቀመመ መለኪያ ይሥራ።

ሁለት ፖርትፎሊዮዎችን ለማወዳደር የሻርፕ ሬሾን ተጠቀሙ፤ ከትርፉ ላይ ከስጋት ነፃ የሆነውን ወለድ ቀንሳችሁ የቀረውን ለመዋዠቁ ታካፍላላችሁ። አንዱ 12 በመቶ አትርፎ 20 ይዋዥቃል። ሌላው 9 አትርፎ 10 ይዋዥቃል። ከስጋት ነፃ የሆነው ወለድ 4 ነው። የመጀመሪያው 8 ለ20፣ ማለትም 0.4። የሁለተኛው 5 ለ10፣ ማለትም 0.5። ለተሸከመው ስጋት የተሻለ የተከፈለው ሁለተኛው ነው። ቤታ የሚባለው ደግሞ ንብረቱ ለገበያው እንቅስቃሴ ያለውን ስሜት ይለካል። 1.3 ከሆነ፣ ገበያው 10 በመቶ ሲወርድ እሱ 13 ያህል ይወርዳል ተብሎ ይጠበቃል።

በዓመቱ መጨረሻ አዲስ ሠንጠረዥ ሥሩ፤ የድሮውን አትደምስሱ፣ ቀን ጽፋችሁበት ከጎኑ አስቀምጡት። አምስቱን ዓምዶች ኮምፒውተር ሊሞላላችሁ ይችላል። ስድስተኛውን በእጃችሁ ሙሉት፤ የአምናውን ሳታዩ። ከዚያ አወዳድሩ። ብድር ያልነበረበት ኩባንያ ዘንድሮ ተበድሮ ይሆናል። ሸቀጡን ለብዙ ደንበኛ ይሸጥ የነበረው አሁን በአንድ ገዢ ላይ ተንጠልጥሎ ይሆናል። መልሱ የተቀየረበትን መስመር አክብቡ፤ በቀጣዩ ሳምንት ሥራ የሚጀመረው ከዚያ መስመር ነው።